ያውቁ ኖሯል? ኮፈኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር

ከፋ ውስጥ፣ ዋጫ ላይ ትራክተር ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ዳገቱ ድምፁን እየዋጠና እየተፋ ያመጣዋል፤ ልጆች ይሮጣሉ፣ በሬ የሚነዳው ሰው ዳር ይይዛል፣ ውሻው ይጮኻል። ልጆች ሳለን የምንከራከረው በቀለም ነበር። «ቀዩ ይበልጣል!» «ኧረ ሰማያዊው!» ቁጥር ማንበብ ያስተማረኝ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነው። «ቀለም ማንም ይቀባል፤ ቁጥሩን አንብብ» አለኝ፣ በጋዝ የራሰ ጨርቅ ይዞ እጁን እየጠረገ። የዛሬው ዓምድ ያችን ምክር ይዞ የተለቃቀመ ነው። የውጭውን ዘመን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እላለሁ፤ እንዳይምታታብዎ።

ያውቁ ኖሯል? በአገራችን ምድር ከረገጡት የትራክተር ዘመዶች ቀደም ካሉት አንዱ «የሰርኪስ ባቡር» ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው፣ በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ ማሽን ነበር። ሐዲድ የለውም፣ ግን ያጨሳል፤ ስለዚህ ሕዝቡ ባቡር አለው። በውጭው ዓለምም የትራክተር አያቶች እንዲሁ የሚያጨሱ ነበሩ። እሳት አንድዶ፣ ውኃ አፍልቶ፣ እንፋሎቱ እስኪጠራቀም መጠበቅ ያስፈልጋል። ማሽኑ እስኪሞቅ ድረስ ባለ በሬው ስንት ትልም አውጥቶ ይጠብቀዋል!

ያውቁ ኖሯል? በቤንዚን የሚሠራ፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መሄድ የቻለ ትራክተር የሠራው አሜሪካዊው ጆን ፍሮሊክ ነው፤ በ1892፣ አዮዋ ግዛት ውስጥ። «ወደ ኋላም» የምትለዋን ቃል አይናቋት። ወደ ኋላ መሄድ ራሱ አንድ ትልቅ ማሻሻያ ነበር።

ይህን ለማመን የጀርመኑን ላንዝ ቡልዶግ ይመልከቱ። በ1921 የወጣው የመጀመሪያው ሞዴል የኋላ ማርሽ አልነበረውም። ሹፌሩ ወደ ኋላ መሄድ ሲፈልግ ሞተሩን በጣም ያዘገየውና ልክ ሊቆም ሲል በተቃራኒው አቅጣጫ እንዲዞር ያደርገዋል። ባለ አንድ ፒስተን ሞተር ስለሆነ ይቻላል፤ ልምድ ግን ይጠይቃል። በኋለኞቹ ሞዴሎች ደግሞ የባሰ አለ፦ የሞተሩን ራስ በእሳት ካጋሉ በኋላ መሪውን ከነዘንጉ ነቅለው ሞተሩ ጎን ይሰኩትና እንደ ማኖቤላ አዙረው ያስነሱበታል። ሞተሩ ሲነሳ መሪውን ወደ ቦታው ይመልሱና ይሄዳሉ። መሪ የሌለው ትራክተር ቢሰረቅም ሩቅ አይሄድም።

ያውቁ ኖሯል? ቀድሞ የትራክተር ስም ሁለት ቁጥር ነበር። «8-16»፣ «10-20»፣ «15-30» ይባሉ ነበር። የመጀመሪያው ቁጥር ማሽኑ ሲጎትት ያለው የፈረስ ጉልበት ነው፤ ሁለተኛው ቆሞ በቀበቶ ወፍጮ ወይም መውቂያ ሲያዞር የሚሰጠው ነው። ልዩነቱን ያዩታል? ግማሹን ጉልበት የሚበላው ራሱን መሸከምና አፈሩ ውስጥ መንሸራተት ነበር። በኋላ ሻጮች የሚያኮራውን ቁጥር ብቻ ይዘው ቀሩ።

ሻጭ ካነሳን፦ በአሜሪካ አንድ የሚኒያፖሊስ ኩባንያ ፎርድ የሚባል ሰው ከሠራተኞቹ መካከል ስላለው ብቻ «ፎርድ ትራክተር» ብሎ ገበያ ወጣ። ከመኪናው ፎርድ ጋር ዝምድና አልነበረውም። ትራክተሩን ገዝተው ከተቃጠሉት አንዱ የነብራስካ ገበሬና የምክር ቤት አባል ዊልሞት ክሮዚየር ነበር። እሱ የገፋበት ሕግ በ1919 ጸደቀ፤ በዚያች ግዛት የሚሸጥ ማንኛውም ትራክተር አስቀድሞ ተፈትኖ ጉልበቱ መረጋገጥ ነበረበት። ሻጭ የሚናገረው የፈረስ ጉልበት ከዚያ በኋላ መለኪያ አገኘ። እውነተኛው ሄንሪ ፎርድ ደግሞ የገዛ ስሙ ስለተያዘበት ትራክተሩን «ፎርድሰን» ብሎ ለመጥራት ተገደደ።

ያ ፎርድሰን በ1917 ወጣ፤ 20 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበረው፤ በ1922 ዋጋው እስከ 395 ዶላር ወረደ። ርካሽ ነበር፤ ገዳይም ነበር። ማረሻው ከኋላው በሰንሰለት ወይም በብረት ይታሰራል። ማረሻው ድንጋይ ወይም ጉቶ ሲይዘው ሞተሩ መግፋቱን አያቆምም፤ የኋላው ጎማ መሽከርከር ሲያቅተው የትራክተሩ አፍንጫ ይነሳል፤ ማሽኑ እንደ ደነገጠ ፈረስ ቆሞ በሹፌሩ ላይ ይገለበጣል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የትራክተር ታሪክ ሁሉ የሚታጠፈው እዚህች ቦታ ነውና።

ያውቁ ኖሯል? ይህን ሞት ያስቀረው ዘዴ የኛ ገበሬ በእጁ የሚያደርገው ነገር ነው። በበሬ የሚያርስ ሰው ማረሻው ድንጋይ ሲነካ እርፉን ይጫነዋል ወይስ ያነሳዋል? ቀለል አድርጎ ያነሳዋል፤ ሞፈሩ እንዳይሰበር፣ በሬዎቹም እንዳይገተሩ። ካለፈ በኋላ መልሶ ይጫናል። አየርላንዳዊው ሃሪ ፈርጉሰን ይህንኑ የእጅ ስሜት ለብረት ሰጠው። ማረሻውን በሦስት ክንድ ከትራክተሩ ጋር አዋሐደው፤ ከታች ሁለት፣ ከላይ አንድ። ማረሻው ጠንካራ ነገር ሲገጥመው የላይኛው ክንድ ወደ ፊት ይገፋል። ግፊቱ የትራክተሩን አፍንጫ ወደ መሬት ይጫነዋል፤ አይነሳም። ያው ግፊት ሃይድሮሊኩን ይቀሰቅስና ማረሻውን ጥቂት ከፍ ያደርገዋል። የማረሻውና የአፈሩ ክብደት ደግሞ የኋላ ጎማ ላይ ስለሚያርፍ ቀላል ትራክተር እንደ ከባዱ አፈሩን ይነክሳል። አሁን በአብዛኛው ትራክተር ጀርባ ቆመው ቢያዩ እነዚያን ሦስት ክንዶች ያገኛሉ፤ ቀይም ይሁን ሰማያዊ፣ የቻይናም ይሁን የቤላሩስ።

በ1938 ፈርጉሰንና ፎርድ ያለ ፊርማ፣ እጅ ብቻ ተጨባብጠው ተስማሙ። በ1939 «9ኤን» ወጣ። ስምምነቱ በኋላ ፈረሰ፤ በ1952 ክርክሩ በ9.25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ተዘጋ። እጅ መጨባበጥ ያገናኘውን ጠበቃ ለየው።

በመሃሉ አንድ የሚያስገርም ሞዴል አለ፦ በ1942 የወጣው «2ኤን»። አዲስ ሞዴል ሲባል የተሻለ ይመስለናል፤ ይህኛው ግን ወደ ኋላ የሄደ ነው። የዓለም ጦርነት ላስቲክና ባትሪ ስላሳጣ የብረት ጎማ ተገጠመለት፣ ሞተሪኖውም ቀርቶ በማኖቤላ እንዲነሳ ተደረገ። ዘመኑ ሲሻሻል ቁጥሩ ወደ «8ኤን» ሄደ፤ ከሦስት ማርሽ ወደ አራት ከፍ አለ።

ያውቁ ኖሯል? ፈርጉሰን በእንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ከ1946 እስከ 1956 ያስመረተው ግራጫው «ቲኢ20» ከ500,000 በላይ ተሠርቷል። ሰር ኤድመንድ ሂላሪ በጥር 1958 ደቡብ ዋልታ የደረሰው በእነዚሁ ትራክተሮች ነው፤ ጎማቸው ላይ ሰንሰለት ተጠምጥሞ። የዋጫ ክረምት ጭቃ ቢያስቸግራቸው ግን አይገርመኝም።

የቲኢ20 ወራሽ «35» ነው፤ የማሲ ፈርጉሰን ቀዩ 35። ሞዴል እንዴት እንደሚሻሻል ከእሱ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። መጀመሪያ የተገጠመለት የናፍታ ሞተር ባለ አራት ፒስተን ነበር፤ ብርድ ሲሆን አልነሳ እያለ ባለቤቶቹን አስመረረ። በ1959 ማብቂያ ላይ ኩባንያው ያንን አውጥቶ የፐርኪንስን ባለ ሦስት ፒስተን ሞተር ገጠመበት። አንድ ፒስተን ተቀንሶ ማሽኑ ተሻለ! በብርድ ጠዋት የሚነሳ ትራክተር፣ ብዙ ፒስተን ካለው ከማይነሳው ይበልጣል። በዚያው ዓመት ማሲ ፈርጉሰን የፐርኪንስን ፋብሪካ ራሱን ገዛው። ያ ባለ ሦስት ፒስተን በ1964 በወጣው «135» ውስጥ ቀጠለ።

ከዚያ ወዲያ ቁጥሮቹን ማንበብ ቀላል ነው። 35፣ 135፣ 235። በጎኑ ደግሞ 65፣ 165፣ 265፣ 365። ፊት ያለው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትውልዱ ነው፤ ኋላ ያለው ቁጥር የቤተሰቡ ስም ነው። 265 ሲያዩ «የ165 ልጅ፣ የ65 የልጅ ልጅ» ብለው ቢጠሩት አይሳሳቱም። ለመለዋወጫ ገዢ ይህ ዝምድና ገንዘብ ነው። ሆኖም አባትና ልጅ ሁሉን አይዋዋሱም፤ ፖምፓ ሊገዙ ሲሄዱ አሮጌውን ፈተው ይዘው ይሂዱ።

ያውቁ ኖሯል? አርጅቶ ሞተ የምንለው ሞዴል አገር ቀይሮ ይኖራል። የዩጎዝላቪያው አይኤምቲ የ35ን ንድፍ ይዞ ለአሥርተ ዓመታት ሠራ። የፓኪስታኑ ሚላት እና የህንዱ ታፌ የማሲ ፈርጉሰንን ሞዴሎች ይዘው ቆይተዋል። የፖላንዱ ኡርሱስ ታሪክ ደግሞ የባሰ ነው፦ ከጦርነቱ በኋላ ያወጣው «ሲ-45» ያ መሪው የሚነቀለው ላንዝ ቡልዶግ ቅጂ ነበር፤ በ1974 ደግሞ ከማሲ ፈርጉሰን ፈቃድ ገዛ። በ2013 ይኸው ኡርሱስ ከኢትዮጵያው ብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ጋር 3,000 ትራክተር ለማቅረብ ተዋዋለ። የኮቨንትሪ ንድፍ በፖላንድ በኩል ዞሮ ኢትዮጵያ ደረሰ ማለት ነው፤ ቡና እንኳ ከከፋ ወጥቶ ተቆልቶ ሲመለስ እንዲህ አልዞረም።

ወደ ሰማያዊው እንምጣ። ያውቁ ኖሯል? ብዙዎቻችን «ቤላሩስ» የምንለው ትራክተር ኤምቲዜድም ይባላል፤ በ1946 የተመሠረተው የሚንስክ ትራክተር ፋብሪካ ምሕጻር ነው። በ1953 ያወጣው «2» 37 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ «50» መጣ፤ በ1974 «80»። እዚህ ቁጥሩ የሚናገረው ጉልበቱን ነው፤ በግምት 50፣ በግምት 80። «50» ዘጠኝ የፊት ማርሽ ነበረው፤ በ«80» ላይ መቀነሻ ካምቢዮ ተጨምሮ 18 ሆነ። መጀመሪያ ሲሰሙት የተጋነነ ይመስላል። ግን ቀስ ብሎ መትከልና ፈጠን ብሎ ተጎታች መሳብ የተለያየ ፍጥነት ይጠይቃሉ፤ አንዱ በሬ ሁለቱን አያደርግም።

አንዳንዶቹ ላይ ሌላ ነገር ያያሉ፦ በትልቁ ሞተር ጎን የተለጠፈች ትንሽ የቤንዚን ሞተር። ሥራዋ ትልቁን መቀስቀስ ብቻ ነው። ገመድ ተጠምጥሞ ይሳባል፣ እሷ ትነሳለች፣ እሷ ደግሞ ናፍታውን ታስነሳለች፣ ከዚያ ትጠፋለች። ባትሪ በማይገኝበት ወይም በብርድ በሚደክምበት አገር የታሰበች ናት። የዘመናዊ ሰው ዓይን አሮጌ ነገር ያያታል፤ ባትሪው የሞተበት ሹፌር ግን ይመርቃታል።

እነዚህ ትራክተሮች ለእኛ እንግዳ ያልሆኑት በምክንያት ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ያኔ ናዝሬት በምትባለው አዳማ የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተቋቁሟል። የደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻዎች ውስጥ የሠራ ሰው ጆሮው ያንን ሞተር ከሩቅ ይለያል።

ከዚያ በፊት የነበረው ታሪክ ግን ከቁጥር በላይ ነው። ያውቁ ኖሯል? በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ አርሲ ላይ የተጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) የታሰበው ለአነስተኛው ገበሬ ነበር። ምርጥ ዘሩና ማዳበሪያው ትርፍ ሲያሳዩ ባለርስቶቹ ዓይናቸውን ከፈቱ፤ ትራክተር አስገቡ፤ ጭሰኛው ተፈናቀለ። ትራክተርና የእርሻ ነዳጅ ከቀረጥ ነጻ መሆናቸው ደግሞ አገዛቸው። ካዱ ራሱ አሰላ ላይ የተሻሻለ የበሬ ማረሻ እየሞከረ ሳለ በጎኑ ትራክተር ሰው ያስለቅቅ ነበር። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ሰፋፊዎቹ የግል እርሻዎች ከነማሽናቸው ወደ መንግሥት ዞሩ። 135 ከ35 ይሻላል፤ መሬቱ የማን ነው የሚለውን ግን ኮፈን አይመልስም።

በፍጥነት ጥቂት ልወርውር። ያውቁ ኖሯል? ላምቦርጊኒ ከቅንጡ መኪና በፊት ትራክተር ሠሪ ነበር። አስቶን ማርቲንን በ1947 የገዛው ዴቪድ ብራውንም ትራክተር ይሠራ ነበር፤ በመኪኖቹ ስም ላይ ያሉት «ዲቢ» የሚሉት ፊደላት የእሱ ናቸው። የላስቲክ ጎማ ያለው ትራክተር በገበያ የታየው በ1932 በአሊስ ቻልመርስ ሞዴል ዩ ነው፤ ከዚያ በፊት ጎማው ጥርስ ያለው ብረት ነበር። የጆን ዲር «ዲ» ሞዴል ከ1923 እስከ 1953 ለ30 ዓመት ተመርቷል። የኋላ ጎማ ውስጥ ውኃ የሚሞላው ተሳስተው አይደለም፤ ክብደት ጨምሮ እንዳይንሸራተት ነው።

ያውቁ ኖሯል? ከትራክተሩ ጀርባ የምትወጣው የምትሽከረከር ዘንግ፣ ሹፌሮች ፒቲኦ የሚሏት፣ የተለመደው ፍጥነቷ በደቂቃ 540 ዙር ነው። በሰከንድ ዘጠኝ ማለት ነው። ነጠላዎ ወይም ጋቢዎ ጫፉ ቢነካት «እ» ሳይሉ ዘጠኝ ጊዜ ተጠምጥሟል። መሸፈኛ ቆርቆሮው የተጨመረው ለዚህ ነው፤ አገራችን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጠፋውም እሱ ነው፤ ለመፍታት ያስቸግራል ተብሎ።

ሌላው የሚጠፋ ነገር ከሹፌሩ ወንበር ኋላ የሚቆመው የብረት ቅስት ነው። ስዊድን በ1959 አዲስ ትራክተር ሁሉ ሲገለበጥ ሹፌሩን የሚጠብቅ ብረት እንዲኖረው አዘዘች፤ በመገልበጥ የሚሞተው ሰው በእጅጉ ቀነሰ። ጆን ዲር በ1966 የራሱን ንድፍ አወጣና ለተፎካካሪዎቹ ሳይቀር እንዲጠቀሙበት ለቀቀላቸው። ብሪታንያ በ1970 አዲስ ትራክተር ያለ መከላከያ ጋቢና እንዳይሸጥ ከለከለች። እንግዲህ ከእነዚህ ዓመታት በፊት የተሠራ 35 ወይም 135 ካዩ ሹፌሩ ከሰማይ በቀር በላዩ የለም። ጥላ አድርገው ጨርቅ የሚወጥሩበት ቀጭን ቧንቧም ይኖራል፤ እሱ ፀሐይ እንጂ ብረት አይከለክልም።

በመጨረሻ ወደ ቤት። ያውቁ ኖሯል? ከፋ ውስጥ ትራክተር የማይገባባቸው ሁለት ትልልቅ ሰብሎች አሉን፤ ቡናው ጥላ ሥር ነው፣ እንሰቱ ጓሮ ነው። ዩኔስኮ በ2010 የመዘገበው የከፋ ጥብቅ ሥፍራ ጫካ ትራክተር አይፈልግም፤ ባይመጣለትም ይመርጣል። ለበቆሎው፣ ለስንዴውና ለባቄላው ማሳ ግን ጥያቄው ይኖራል፤ ማሳው ደግሞ ተዳፋት ነው፣ ቀዩ አፈር ዝናብ ሲጠጣ እንደ ሳሙና ነው። ለዚህ ዓይነቱ መሬት ሲሚት የተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋም በኢትዮጵያ የሞከረው ባለ ሁለት ጎማው፣ ሰው ከኋላ ይዞት የሚሄደው ትንሽ ትራክተር ይበልጥ ይስማማል ብዬ አምናለሁ። ሹፌር አይቀመጥበትም፤ ቢገለበጥ ብቻውን ይገለበጣል።

ትልቁን ተከራይተው ለማሳረስ ካሰቡ ግን ሁለት ነገር ይዩ። ሰማያዊው ከሆነ ኮፈኑ ላይ 80 ነው 82? 80 የሚገፋው በኋላ ጎማው ብቻ ነው። 82 የኋላው ሲንሸራተት የፊቱ ጎማ በራሱ ይነቃና ያግዘዋል፤ ጎንበስ ብለው ቢያዩ ከሆዱ ወደ ፊት ጎማው የሚሄድ ዘንግ አለው። ቁጥሩ ተቀብቶ ከሆነ ዘንጉ አይዋሽም። ሁለተኛ፣ ከወንበሩ ኋላ ያለው ቅስት መኖሩን ይዩ። ለጋራዥ ጣሪያ አልበቃ ብሎ በመጋዝ ተቆርጦ ከሆነ፣ ሹፌሩን ቡና ጋብዘው ወደ መጣበት ይመልሱት፤ ዳገትዎ ላይ አያውጡት።